ከኋላ የቆመው አንባቢ

ኮምፒውተር በስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቦ የሚያስቀምጥበት መላ አገኘሁ ብሎ ማይክሮሶፍት ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ደብረ ታቦርን ብዙም አልደነቃትም። እኛ ዘንድ አገልግሎቱ ከተጀመረ ቆይቷል። በነጻ ነው፤ ኔትወርክም አይፈልግም። የሚጠራጠር ካለ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበልና ማመልከቻ ያስጽፍ።

ጽሕፈት ቤቱን ያውቁታል። በጠባቧ ክፍል ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ይሞቃል፤ ላሚኔት ማድረጊያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከሁለቱ መሐል ጋቢ የደረበች ልጅ፣ ፊደሉ ከመነካካት ብዛት ተፍቆ ባለቀ ኪቦርድ ላይ አቀርቅራለች። ከጎኗ ከፋርታ ገጠር የመጡ አንድ ገበሬ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው በቃል ያስጽፋሉ።

«ጻፊ ልጄ። ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋኝ።»

ልጅቱ «ድንበሬን» ብላ ሳትጨርስ ከኋላ ድምፅ ይመጣል።

«ገፋኝ አይባልም አያ። ‹ሁከት ይወገድልኝ› ነው የሚባለው። ሁከት የሚል ቃል ከሌለበት ዳኛው ገጹንም አይገልጡት።»

ተናጋሪው ጠበቃ አይደለም፤ የመታወቂያ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ሰው ነው። ከእሱ ጀርባ ያለው ደግሞ፣ «‹ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው› ብለሽ ጀምሪ እንጂ፤ እንዲህ ዘው ተብሎ አይገባም» ይላል። ሦስተኛው ግልባጩ ለማን ለማን መሄድ እንዳለበት ይዘረዝራል። በዚህ መሐል የልጃቸውን ሰርተፊኬት ላሚኔት ለማስደረግ ወረፋ የያዙ እናት መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ስክሪኑን ትኩር ብለው ያያሉ።

«ኧረ ቆይ! ይኼ ተከሳሽ የተባለው የአክስቴ ልጅ አይደለም እንዴ?»

ነው። እናቲቱ ሰርተፊኬቱን ትተው ስልካቸውን ያወጣሉ። ማመልከቻው ከፕሪንተር ወጥቶ መዝገብ ቤት ሳይደርስ፣ ተከሳሹ መልሱን አሰናድቶ፣ ሽማግሌም መርጦ ይጠብቃል።

ቴክኖሎጂው ይኸው ነው። ስክሪኑን ማየት፣ ጽሑፉን መለየት፣ ቀድሞ ከሚያውቁት ጋር ማዛመድ፣ ሲፈለግ ማውጣት። ማይክሮሶፍት የጨመረበት ዝምታ ብቻ ነው። የእኛዎቹ አንባቢዎች ቢያንስ ይተነፍሳሉ፤ ጀሮ ግንድዎ ላይ ሲተነፍሱም ስለሚሰሙ ማን እያነበበብዎት እንደሆነ ያውቃሉ።

የማይክሮሶፍቱ «ሪኮል» ይባላል። በየጥቂት ሰከንዱ ስክሪኑን ፎቶ ያነሣል። ፎቶ ለኮምፒውተር የነጥብ ክምችት ነው፤ «ሀ»ን ከግድግዳ ስንጥቅ አይለይበትም። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ይመጣና በፎቶው ውስጥ ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ይፈልጋል፣ መስመሩን ከመስመር ይለያል፣ በእልፍ ምሳሌ የሠለጠነበትን ፊደል አንድ በአንድ ይለቅማል። የተለቀመው ከነሰዓቱ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከወር በኋላ «ያ ስለ ድንች ዘር ያነበብኩት ነገር የት ነበር?» ብለው ቢጠይቁት፣ የዚያን ቀን ያዩትን ገጽ እንዳዩት አድርጎ ፊትዎ ላይ ይዘረጋዋል።

ይህን መናቅ አይገባም። ልጅቱ የገበሬውን ማመልከቻ እስከ «ስለዚህ የተከበረው ፍርድ ቤት» ድረስ አድርሳ፣ ሴቭ ሳታደርግ መብራት እልም ሲል ያየ ሰው የነገሩን ጥቅም ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም። መብራት ሲመለስ ወርድ ባዶ ገጹን ዘርግቶ «ምን ልታዘዝ?» ይላል። ገበሬው ሐሳባቸውን እንደገና ከሥር መጀመር አለባቸው፤ ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ንዴቱ ቀዝቅዟል፣ ግማሹ ምስክር ተረስቷል። በየጥቂት ሰከንዱ የሚያነብ መዝጋቢ ቢኖር ኖሮ ጽሑፉን መብራቱ ከመሄዱ በፊት ከተነሣው ፎቶ ላይ ለቅሞ ይመልስላቸው ነበር። ሁሉን ነገር እዚያው ማሽኑ ላይ ስለሚሠራም ኢንተርኔት አይለምንም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት ለነበረ ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኩባንያው «የሚመዘገበው ሁሉ ከራስዎ ኮምፒውተር አይወጣም» ሲል ቃል ገባ። ኬቨን ቦሞንት የተባለ እንግሊዛዊ የደኅንነት ባለሙያ የሙከራውን ናሙና ፈትሾ፣ አዎ አይወጣም፤ ነገር ግን የተለቀመው ጽሑፍ በሙሉ በግልጽ ፋይል ተጎልቶ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዴ ለገባ ሌባ እንደ ተጠረገ አውድማ ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባለሙያ መዝገቡን ጠራርጎ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። ማይክሮሶፍት አፈገፈገ። መዝገቡን ቆለፈው፤ ለመክፈት የባለቤቱን ፊት፣ የጣት አሻራ ወይም የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ አደረገ፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ካላበራው እንዳይሠራም ወሰነ። በሰፊው የተለቀቀው ወደ አንድ ዓመት ዘግይቶ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ነው። በወሩ ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ «የእኔን መስኮት ፎቶ እንዳታነሣ» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ነገሩ ወደ ዞናችን መሥሪያ ቤቶች ቶሎ ይደርሳል ብዬ አልሰጋም። ለመሥራት 16 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ዲስክ፣ ከዚያም ላይ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮች ይህን ቢሰሙ ፋናቸው በሳቅ ይጮኻል። አንድ ፒዲኤፍ ሲከፈትባቸው የሚያቃስቱ ናቸው።

ቢሆንም፣ አንድ ቀን ቢደርስስ? መዝጋቢው አንድ ቢሮ ውስጥ ተተክሎ የቀኑን ውሎ ቢያወጣ ምን እንደሚነበብ አስቡት። ጠዋት 2፡30፣ ኮምፒውተሩ እየተከፈተ ነው። 2፡45፣ አሁንም እየተከፈተ ነው። 3፡00፣ «የ6 ወር ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት» የሚል ፋይል ተከፍቶ «2016» የነበረው «2017» ሆኗል፤ ሌላ የተነካ ነገር የለም። 3፡05፣ ሪፖርቱ ተጠናቋል። ከ3፡06 ጀምሮ የካርታ ጨዋታ። 3፡40 ላይ ካርታው በቅጽበት ጠፍቶ በቦታው ባዶ ኤክሴል ቆሟል፤ መዝጋቢው የበሩን ድምፅ ስላልሰማ ለምን እንደሆነ አያውቅም። 3፡43፣ ካርታው ተመልሷል። ከረፋዱ 5፡00 ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይዞራል፤ ከውጭ ወረፋ ለያዘው ሕዝብ «ሲስተም የለም» ተብሏል። ከዚያ መብራት ይሄዳል፤ መዝጋቢውም እንደ ሠራተኛው ወደ ሻይ ይወጣል።

እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለአለቃ የሚያቀብል ማሽን ቢመጣ የሚደሰቱ ብዙ ናቸው፤ ወረፋ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ይደሰታል። እኔም ትንሽ እደሰታለሁ። ግን አጠገቡ ያለውን ጠረጴዛ እዩልኝ። የዚያ ጠረጴዛ ባለቤት የግብርና ባለሙያ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ጉና ተራራ ግርጌ ሄዶ፣ ድንቹን የመታው ዋግ ይሁን ሌላ በሽታ ከገበሬው ጋር ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ግንዲላ ላይ ተቀምጦ ሲማከር ውሏል። የእሱ ስክሪን ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነው። መዝጋቢው በሐቅ ሲጽፍ «ምንም አልተሠራም» ይላል። ካርታ ሲደረድር የዋለው ባልደረባ ግን እጁ ከማውሱ አልተለየም፤ ታታሪ ተብሎ ይመዘገባል።

የሩቅ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የብረት ሥራ መንደር ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው፤ ሠሪዎቹም ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ሥሩ የተባሉት አውሮፓውያን ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው ነበር። አሁን በየ10 ደቂቃው ፎቶ የሚያነሣ መዝጋቢ በጋፋት ሰማይ ላይ ቢሰቀል ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? እሳት። ጭስ። እሳት። ቆመው የሚያዩ ሰዎች። ጭስ። የሚመዘግበው «የሥራ እንቅስቃሴ መጠን» ዝቅተኛ ሆኖ ይወጣል። ንጉሡ ግን የሚጠብቁት መድፉን እንጂ ፎቶውን አልነበረም። መድፉም በመጨረሻ ወጣ፤ እስከ መቅደላም በሰው ጉልበት ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ መዝጋቢ አልነበራቸውም እንዳይባል፣ አለቃ ዘነብ ነበሩላቸው። የቀደሙት ነገሥታት ዜና መዋዕል በግዕዝ ሲጻፍ፣ አለቃ ዘነብ የቴዎድሮስን በአማርኛ ጻፉት። ጸሐፊ ሰው መዝጋቢ ሲሆን ግን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ይመርጣል። ንጉሡ ምሳ የበሉበትን ቀን ሁሉ አያሰፍርም፤ የሚጠቅመውን ለይቶ ይጽፋል፣ ሌላውን ይተወዋል። መሳሳቱና ማዳላቱ ባይቀርም የሚተው ነገር እንዳለ ያውቃል። ማሽኑ ግን ዝለል ከተባለው በቀር የሚተወው የለውም። የባንክ ሂሳብዎን፣ የሐኪም ውጤትዎን፣ ከባለቤትዎ ጋር የተኮራረፉበትን ቴሌግራም፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን አይቶ በአንድ መዝገብ ያስገባል።

እስከዚህ ድረስ ሳወራ አንድ መጽናኛ ደብቄያለሁ፤ ሪኮል አማርኛ አይችልም። ማይክሮሶፍት ያሠለጠነው እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጃፓንኛና ቻይንኛ እንዲለቅም ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቋንቋችንን ሲረሱ ሁልጊዜ እንደተበሳጨን ነው፤ ለአንድ ጊዜ ግን መረሳታችን ጠቀመን። በአማርኛ የሚያማ ሰው ለጊዜው በሰላም ይማ።

ለጊዜው ነው። ፊደላችን አስቸጋሪ ሆኖ እንጂ የሚያነበው አልጠፋም። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ቋ» እና «ጓ» ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ከዚያ ሁሉ አንዱን ከአንዱ የሚለየው አንዳንዴ ቅንጣት ጭረት ናት። ማሽን «ለ»ን እና «ሰ»ን ቢያምታታ፣ «ገንዘቡን የመለሰ ሠራተኛ» የነበረው «ገንዘቡን የመሰለ ሠራተኛ» ይሆንና ኦዲተር ይጠራል። ያም ሆኖ አገሬው ሲታገለው ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወርቁ ዓለሙ የአማርኛን ፊደል በኮምፒውተር ማስነበብ ላይ የማስተርስ ጥናቱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከእኛ ጎረቤት ከባሕር ዳር ደግሞ ብርሃኑ በላይ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ከ3 መቶ ሺህ በላይ የአማርኛ መስመሮችን ምስል ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተመራማሪዎች ክፍት አደረገው። ቴሰራክት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የሚጭን ሰውም የአማርኛውን ፋይል አውርዶ መጨመር ይችላል። እየተሳሳተም ቢሆን ያነባል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ፊደል ጣጣ ወደ ቁም ነገር ይለወጣል። የመሥሪያ ቤቶቻችን አሮጌ ፋይሎች ብዙዎቹ የተጻፉት በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዡዋል ግዕዝ ነው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት አሠራሮች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያማረ አማርኛ ነው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል፤ አስማት የደገመ ደብተራ የጻፈው ይመስላል። ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለውን ፋይል የሚፈልግ ማሽን «የድንበር ክርክር» ብሎ ቢጠይቅ አንድም አያገኝም። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ስክሪኑን በዓይኑ የሚያነብ፣ አማርኛም የሚችል ማሽን ግን ያገኘዋል፤ የሚያየው እኛ የምናየውን ነውና። የመዛግብት ክፍል ኃላፊዎች ይህን ቢያውቁት፣ ለስለላ የተፈራው መሣሪያ የጠፋ ፋይል ማውጫ ይሆንላቸው ነበር።

መሣሪያው እንግዲህ ሁለቱንም ይሆናል። ልዩነቱ መዝገቡን የሚያነበው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

አፕወርክ በሚባለው መድረክ በሰዓት ተከፍሏቸው ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ወጣቶች አሉን። ሥራው ሲጀመር ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ውስጥ ባልታወቀ ቅጽበት ስክሪኑን ፎቶ ያነሣል፤ ኪቦርዱና ማውሱ ስንቴ እንደተነካም ይቆጥራል። ሌሊቱን ትርጉም ሲሠራ የሚያድር ልጅ፣ ፎቶው በተነሣበት ቅጽበት ጥግ ላይ «የዕድር መዋጮ ሳይከፈል እንዳይታደር» የሚል የእናቱ መልእክት ብቅ ሊልበት ይችላል። ደንበኛውም ምን ዓይነት ኮድ ነው ብሎ ሲመረምረው ያድራል። ግን ልጁ ፎቶውን ራሱ ማየት ይችላል፤ ካላማረው ይሰርዘዋል፤ የዚያች 10 ደቂቃ ክፍያ ብቻ አብሮ ይሰረዛል። መቀረጹን ያውቃል፣ ዋጋውን ያውቃል፣ ቁልፉ በእጁ ነው። ከባድ ውል ቢሆንም ውል ነው።

ውል የሌለበትንም አይተናል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የተቃዋሚውን ድርጅት የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ እንደሚሰራጭ፣ መቆጣጠሪያ ሰርቨሩም ኢትዮጵያ ውስጥ እንደተገኘ ገለጸ። በየካቲት 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ኪዳኔ በሚል የመሸፈኛ ስም ብቻ የተጠቀሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ፕሮግራሙ የቤተሰቤን ኮምፒውተር ለወራት ሲከታተል፣ የስካይፕ ንግግሬን ሲቀርጽ ነበር አለ። ክሱ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በይግባኝ ፍርድ ቤቱም ውድቅ ሆነ፤ ምክንያቱ የውጭ መንግሥት እንዲህ ባለው ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት አይከሰስም የሚል ነበር። ሰውየው የተከፋበት ነገር ሳይመረመርለት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አሁን ቢያንስ በወረቀት ላይ አንድ ነገር አለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል። የሰው የግል መረጃ የሚሰበሰበው በሕጋዊ ምክንያት፣ ለታወቀ ዓላማ፣ ባለቤቱም እንዲያውቀው ተደርጎ ነው የሚል መንፈስ ያለው ሕግ ነው። አዋጅ ሆኖ ከመውጣት በየመዝገብ ቤቱ እስከ መነበብ ያለው መንገድ ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ ካለው ዳገት ይበልጥ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ሕጉ ግን አለ፤ ያለውን ሕግ መጥቀስ ማንም አይከለክልም።

ፍርዴን ልስጥ። ስክሪን አንባቢ ማሽን የራስዎን ውሎ ለራስዎ ሲያስታውስ ደግ ነገር ነው፤ ለተረሳ ፋይል፣ መብራት ለበላው ማመልከቻ፣ ለጠፋ የድንች ዘር ምክር ይጠቅማል። የሌላውን ሰው ውሎ ሳይነግሩት የሚሰበስብ ከሆነ ግን፣ አለቃም ይሁን መንግሥት፣ ባልም ይሁን ሚስት ያስተከለው፣ ስለላ ነው። የሠራተኛን ትጋት በስክሪን ፎቶ እለካለሁ የሚል አለቃም ካርታ ተጫዋቹን ሸልሞ የግብርና ባለሙያውን ያባርራል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ መሥሪያ ቤትዎ አዲስ ኮምፒውተር ሲያስረክብዎ ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፤ ስክሪኑን የሚመዘግብ ነገር አለበት ወይ፣ ካለስ መዝገቡን የሚያየው ማን ነው፣ ለስንት ጊዜስ ይቀመጣል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ግልባጩንም ይያዙ። መልስ እስኪመጣ ድረስ የቤትዎን ጉዳይ፣ የልብዎን ነገርና የአለቃዎን ሐሜት በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አይጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን።